ዘጠነኛው ጉድጓድ

በእኛ ሱቅ መበየጃ የሚይዘው ሰው በዲፕሎማ አይመረጥም። ዘጠነኛውን ጉድጓድ የዘለለ ይይዛል፤ የወደቀ ፊት ለፊት ተቀምጦ ደንበኛ ይቀበላል። ሕጉን ያወጣው አባባ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ እኛ ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖርንበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ የቴሌቪዥንና የጌም ማጫወቻ ጠጋኝ ነበር። ከጠገናቸው ማጫወቻዎች አንዱን ባለቤቱ ሳይመለስለት ቀረና ከነካሴቱ እኛው ዘንድ ኖረ። ጨዋታው አንድ ፖስተኛ ቦርሳውን አንግቶ ጉድጓድ እየዘለለ ደብዳቤ የሚያደርስበት ነው። እስከ ስምንተኛው ጉድጓድ ድረስ ማንም ይዘለዋል። ዘጠነኛው ግን ሰፊ ነው፤ የፖስተኛው ጫማ ጠርዙን በነካባት ቅጽበት ቁልፉን ካልተጫናችሁ አለቀ። ቀደም ብትሉ ማዶ አይደርስም፣ ዘግየት ብትሉ አይነሳም። አባባ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ፣ ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ያንን ጉድጓድ ሦስት ጊዜ ይዘል ነበር። "እጄን ልጠይቀው" ይላል። እጁ ደህና ነኝ ካለው ሥራ ይጀምራል።

ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። አሥራ ስድስት ሲሞላው አባባ አስቀመጠውና ፈተነው። ወደቀ። ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት እየሮጠ መጥቶ ሞከረ፤ ሳምንት ሙሉ ወደቀ። እኔ ከኋላው ቆሜ ሳይ ከርሜ "እስቲ አምጣው" አልኩና ጆይስቲኩን ተቀብዬ ዘለልኩት። ደገምኩት። ሠለስኩት። አባባ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ወንድሜንም "አንተ አፍህ ጥሩ ነው፣ ፊት ለፊት ሁን" አለው። እኔም አብሬ ሳቅኩ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ምን አውቄ።

አባባ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ላይ ፖስተኛው ወደቀበት። በማግስቱም ወደቀ። በሦስተኛው ቀን መበየጃውን ከሶኬት ነቀለ፣ እስኪበርድ ጠበቀ፣ በጨርቅ ጠራረገና እጄ ላይ አስቀመጠው። ሐኪሙ የእጅ መንቀጥቀጥ በሽታ መሆኑን የነገረን ከስምንት ወር በኋላ ነው። ጉድጓዱ ከሐኪሙ ቀድሞ አውቋል ማለት ነው። ከዚያ እስኪሞት ድረስ በማንኪያ እያጎረስኩ ነው ያኖርኩት። እንግዲህ ያንን ጉድጓድ ከማንም ሐኪም አስበልጬ ባምነው አትፍረዱብኝ።

አባባ ከሞተ በኋላ እኔና ወንድሜ ሥራውን እንደነበረው ቀጠልን። እኔ ከኋላ፣ የዕቃውን ሆድ ከፍቼ እሠራለሁ። እሱ ከፊት፣ ይቀበላል፣ ያስረክባል፣ ሰው ቤት ሄዶ ይገጥማል። ቀስ በቀስ የሱ ሥራ በዛ። ሰው የልጅነት ማጫወቻውን ከአልጋ ሥር ያወጣና፣ ያለው አዲስ ፍላት ቴሌቪዥን ይሆናል። የድሮው ማጫወቻ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ ነው ያለው፤ አዲሱ ቴሌቪዥን ደግሞ ለነዚህ ቀዳዳ የለውም። መሀል ላይ ኮንቨርተር የሚሉት ትንሽ ሳጥን ይገባል። ሲገጥምም ሥዕሉ ይለጠጣል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ብዙ ጣጣ አለው። ያንን ሁሉ የሚያውቀው ወንድሜ ነው። እኔ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር አልወድም፤ የምሠራውን ሁሉ የምሞክረው በአባባ ወፍራም ቴሌቪዥን ላይ ነበር፣ ያ ጀርባው እንደ ሻንጣ የወጣው።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አክስቴ ታማ ለአንድ ሳምንት አስታማሚ ሆኜ ሄድኩ። ስመለስ የአባባ ቴሌቪዥን ቦታው የለም። የነበረበት ጠረጴዛ ላይ አቧራው እንኳ በአራት ማዕዘን ተቀርጾ ቀርቷል። ከበላዩ ግድግዳው ላይ የበር ያህል የሚሰፋ ፍላት ተሰቅሏል።

"የት ሄደ?" አልኩት።

"ተቃጠለ። ሱቁን ጢስ ሞላው፤ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው ሲያልፍ ሰጠሁት።"

"ሳላየው?"

"ምን ታይዋለሽ? አልቅሰሽ ልትቀብሪው ነው?"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ ግን ተውኩት። የቀረ ቀርቷል ብዬ።

በማግስቱ ጠዋት እጄን ልጠይቀው ተቀመጥኩ። ወንድሜ ማጫወቻውን ቀድሞ ገጥሞታል። ፖስተኛው በአዲሱ ቴሌቪዥን ላይ ወፍሯል፣ ወደ ጎን ተለጥጦ ቦርሳ የዋጠ ሰው መስሏል። እሱን አይቼ ፈገግ አልኩና ጀመርኩ። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ጠርዙን ሲነካ ተጫንኩ።

ወደቀ።

ደግሜ ሞከርኩ። ወደቀ። አሥር ጊዜ ሞከርኩ፣ አሥር ጊዜ ወደቀ። በትክክል እየተጫንኩ ነው፤ ጣቴ ተጭኗል፣ ፖስተኛው ግን እንደ ሰነፍ ተማሪ ስሙ ሁለት ጊዜ ካልተጠራ አይነሳም። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሟል።

"አባባም እንዲህ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "እሱም ዘግይቶ ነበር የሚነሳለት።"

ይህችን ዓረፍተ ነገር ከነድምፁ አስታውሳታለሁ። ድምፁ ውስጥ ሐዘን ነበረ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሐዘን ነበረ።

ሁለተኛውም ቀን ወደቅኩ፣ ሦስተኛውም። በሦስተኛው ቀን አባባ እንዳደረገው አደረግኩ። መበየጃውን ነቀልኩ፣ እስኪበርድ ጠበቅኩ፣ በጨርቅ ጠረግኩና ለወንድሜ ሰጠሁት። በገዛ እጄ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አባባ ከወደቀበት ዕድሜ ስድስት ዓመት ቀድሜ መሆኑ ነው። ወንድሜ ተቀበለኝና አቀፈኝ፤ ትከሻው ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

"ሐኪም ዘንድ ልሂድ" አልኩት።

"ምን ሊያደርግልሽ? ስሙን ከነገሩሽ በኋላ ነው በሽታው የሚበረታው። አባባን አላየሽም? ዕረፊ ዝም ብለሽ፤ እኔ አለሁ አይደል።"

አለ። አዎ፣ እንዳለው አጠገቤ ነበረ። እኔ የፊቱን ወንበር ያዝኩ፣ እሱ የኔን። መሥራቱን አያውቅበትም ነበርና ከጎኑ ቆሜ አስተማርኩት፤ ከቦርዱ ላይ የቱ እግር መጀመሪያ እንደሚነቀል፣ ሙቀቱ የት ላይ እንደሚበቃ። የሠራው ዕቃ ሲመለስ "ትለምደዋለህ" እያልኩ አጽናናሁት። ሻይ ሲቀዳልኝ ብርጭቆውን ግማሽ ብቻ ይሞላው ነበር። "እንዳይፈስብሽ ብዬ ነው" ይላል። ያቺን ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ባየሁ ቁጥር፣ እናቴ የወለደችልኝ እንዲህ ያለ ወንድም ነው እያልኩ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

ደግሞ የሚገርማችሁ፣ እጄ የምር መንቀጥቀጥ ጀመረ። የፈራ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ግን ይህ የት ታይቶኝ። ቁልፍ በቀዳዳው አልገባ ይለኛል፣ ደረሰኝ ስጽፍ ፊደሉ ይዋዥቃል። ማታ ፊቴን ስታጠብ እጄን ከውሃው ሥር ይዤ አየዋለሁ፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ። ሦስት ወር እንዲህ ሆንኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እማማ ታይፒስቷ መጡ።

ወንድሜ ሰው ቤት ሊገጥም ወጥቶ ነበር። እሳቸው ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ናቸው፤ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ጥፍራቸው የተሞረደ ሴት። የጌም ማጫወቻ አላቸው ብሎ ማን ይጠረጥራል። ቦርሳቸውን ባንኮኒው ላይ አሳረፉና "ያ ጨዋ ወንድምሽ የለም?" አሉኝ።

"ወጥቷል፣ እማማ። ምን ልታዘዝ?"

"ያ ችግር ተመልሶ መጣብኝ። ሪሞቱ ላይ ተቀመጥኩበትና የሆነ ነገር ጠፋ። መኪናዋ እንደገና ዘገየች።"

"የቷ መኪና?"

"የጌሟ መኪና ናታ። ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ታይፕ መትቻለሁ፤ ያኖሩኝ እነዚህ ጣቶች ናቸው። ማጫወቻውን አዲሱ ቴሌቪዥን ላይ ገጥሜ ስጫወት፣ መታጠፊያውን ከተጫንኩ በኋላ ቆይታ ነው የምትታጠፈው። በቃ አለቀልኝ፣ ጣቶቼ ሞቱ ብዬ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ወንድምሽ ደረሰ።"

"ምን ብሎ ነገረዎት?"

"'እማማ፣ አያልቅሱ፤ እጅዎ ምንም አልሆነ። የሚዘገየው ቴሌቪዥኑ ነው' አለኝ። አዲሱ ቴሌቪዥን ሥዕሉን እንደደረሰው አያሳይም አሉ። መጀመሪያ እንደ ሙሽራ ይኩለዋል፤ እሱ ኩሎ እስኪጨርስ እኔ ተጭኜ ጨርሻለሁ። ኩሉን የሚያስቀር ቦታ አለው ብሎ አስተካከለልኝ፤ እንዳልረሳም ጻፈልኝ። እኔ ግን መነጽሬን ባደርግም የሪሞቱን ነገር አልችልበትም።"

ከቦርሳቸው የሱቃችንን ካርድ አወጡ። ጀርባው ላይ የወንድሜ ጽሑፍ ነው፣ ያ ወደ ግራ የሚዘም። "ሴቲንግ። ሥዕል። ጌም ሞድ፣ ይከፈት። ስፋት፣ አራት በሦስት፣ እንዳይለጠጥ።" ከሥሩ ፊርማና ቀን አለ። ወንድሜ ቀን ሳይጽፍ ወረቀት አይሰጥም፤ አባባ ያስለመደው ነው። ቀኑ እኔ አክስቴ ዘንድ ከመሄዴ አሥራ አንድ ቀን በፊት ነበር።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ የሱቁን ሪሞት አነሳሁ። ካርዱ እንዳለው ሄድኩ፤ ሴቲንግ፣ ሥዕል። ጌም ሞድ ዝግ ነበር። ከፈትኩት። ስፋቱን መለስኩት። ፖስተኛው ከሲታ ሆኖ፣ የድሮው እሱ ሆኖ ቆመ።

"እኔንም ታስተምሪኛለሽ ማለት ነው?" አሉ እማማ።

"ትንሽ ይታገሱኝ" አልኳቸውና ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ወደቅኩ፤ ሦስት ወር ያልነካሁት ነገር ነው። ሁለተኛው ላይ ጫማው ጠርዙን ነካ፣ ተጫንኩ፣ ፖስተኛው ተነሳና ማዶ አረፈ። ሦስተኛውም አረፈ። አራተኛውም። ሰባት ጊዜ አከታትዬ ዘለልኩት። እማማ ከኋላዬ "ጎበዝ፣ ጣት አለሽ" አሉኝ። ስለ ጣት የሚያውቅ ሰው ነው የተናገረው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም አለኝ፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል። አልታመምኩም። ማንም በማንኪያ አያጎርሰኝም። ከዚያ ግን ያቺ ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ትዝ አለችኝና ቆሽቴ አረረ። ለማያውቃቸው አሮጊት በመጀመሪያው ቀን የነገራቸውን እውነት፣ የአንድ እናት ልጅ ለሆንኩት ለእኔ ሦስት ወር ሙሉ ነፈገኝ። እሳቸውን አያልቅሱ አላቸው። እኔን አቅፎ አስለቀሰኝ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ስሰማ የፈረስ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ለእማማ መመሪያውን በሌላ ካርድ በትልልቁ ገልብጬ፣ የሪሞቱንም ቁልፎች ሥዬ ሰጠኋቸው። ልብ ብላችሁልኛል? መስመሩ አልተዋዠቀም። የሱን ጽሑፍ እኔ አስቀረሁት።

ወንድሜ አሥር ሰዓት ግድም መጣ፤ የገመድ ቦርሳውን አንግቶ፣ እያፏጨ። ሄዶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ካርዱን ፊቱ አኖርኩለት።

"ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?"

አየው። ማፏጨቱ ቆመ። "የኔ።"

"ቀኑን አንብብልኝ። እኔ እጄ ብቻ ሳይሆን ዓይኔም ሳይደክም አይቀርም።"

አላነበበም። ግድግዳው ላይ ፖስተኛው ከዘጠነኛው ጉድጓድ ማዶ ቆሞ ይጠብቃል፤ እሱንም አየው።

"ያን ቀን ትዝ አላለኝም" አለ። "በሥራ ብዛት፣ እህቴ፣ ሙች..."

"ለማያውቁህ ታጠን" አልኩት። "የአባባ ቴሌቪዥን ምን ነበር የሆነው?"

ካርዱን በጣቱ ገለበጠው።

"ጠየቅኩህ እኮ።"

"ፊውዝ" አለ።

"ፊውዝ ብቻ?"

"ፊውዝ ብቻ።"

ፊውዝ መቀየር ማለት ሻይ እስኪበርድ የማይፈጅ ሥራ ነው። መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ፊውዝ አለ። አባባ በየቀኑ እጁን የጠየቀበትን ቴሌቪዥን ለፊውዝ ብሎ ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ሰጠው። መቀመጥ አቃተኝ፤ ቆሜ ነበር ለካ።

"ሠላሳ አራት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ" አለ፣ እያየኝ ሳይሆን እጁን እያየ። "ደንበኛ ሲገባ 'ጠጋኟ የለችም?' ነው የሚለው። ትልቅ እኔ ነኝ፣ ወንድ እኔ ነኝ፣ እኔን ግን 'አቤት በልልን' ነው የሚሉኝ። ሁሉም ለአንድ ጉድጓድ። ያን ቀን ሁለታችሁ ስትስቁ ከዚህ በር ወጥቼ የት እንደሄድኩ ማናችሁም አልጠየቃችሁኝም። አንቺም አንድ ጊዜ ውደቂና እይው ብዬ ነው። አንድ ቀን ብቻ። በማግስቱ ልነግርሽ ነበር።"

"በማግስቱ ምን አፍህን ያዘው?"

"አለቀስሽ። መበየጃውን ሰጠሽኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?"

"መበየጃውን ብትጠይቀኝ ኖሮ..."

"አትሰጪኝም ነበር።"

እውነቱን ነው፤ አልሰጠውም ነበር። ሕግ አለ ብዬ እመልሰው ነበር፣ ምናልባትም እስቅ ነበር። ይህን ለራሴ አልደብቅም። ግን ጠይቆኝ፣ ከልክዬው፣ ተጣልተን፣ ተኳርፈን፣ ሽማግሌ ገብቶ መታረቅ ይቻል ነበር። እሱ የመረጠው እኔ በአባቴ በሽታ እየተሸበርኩ ስቀልጥ ጎኔ ቆሞ ማየትን ነው። እያየም ሻይ ይቀዳል።

ሻዩ ትዝ ሲለኝ ወደ ባንኮኒው ሄድኩ። ፔርሙዙን ከፈትኩና ብርጭቆ አነሳሁ። ቀዳሁ፤ ግማሽ አለፍኩ፣ አንገቱን አለፍኩ፣ አፉ ድረስ ሞላሁት፣ ሻዩ ከጠርዙ በላይ እስኪያብጥ። አንስቼው፣ በካርቶኖቹና መሬት ላይ በተዘረጋው ገመድ መሀል፣ ከፊት እስከ ኋላ ይዤው ሄድኩ። ፊቱ አስቀመጥኩት። ጠረጴዛውም ጣቴም ደረቅ ነበር።

"ጠጣ" አልኩት።

ብርጭቆውን አየው። እጁን ዘረጋና መልሶ ጉልበቱ ላይ አደረገው። ሳያፈስ ሊያነሳው እንደማይችል ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

"እህቴ" አለ።

"ወንበሬን ልቀቅ" አልኩት። "ሰው መጥቷል፣ አቤት በል።"

ሰው መጥቶ ነበር የምር፤ አንድ ሽቦ ሻጭ በር ላይ ቆሟል። ወንድሜ ተነስቶ ሄደና አቤት አለው፣ በዚያ ጥሩ አፉ። እኔ መበየጃውን ሶኬት ላይ ሰካሁና እስኪግል ጠበቅኩ። ሻዩ ማንም ሳይነካው እዚያው በረደ።

አሁንም አብረን ነው የምንሠራው። ሱቁ የሁለታችንም ውርስ ነው፤ ወዴት ይኬዳል። ይቅርታ ጠይቆኛል፣ አክስቴን አማላጅ ይዞ፣ አልቅሶ፤ ይቅር ብዬሃለሁ ብዬዋለሁ፣ በአፌ። ደንበኛ ፊት እንቀላለዳለን። እጄ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አልተንቀጠቀጠም።

ጠዋት ሱቁን ስከፍት እንደ አባባ ፖስተኛውን ሦስት ጊዜ አዘልለዋለሁ። እጄን ከመጠየቄ በፊት ግን ሪሞቱን አነሳለሁ፤ ሴቲንግ፣ ሥዕል፣ ጌም ሞድ። ወንድሜ ከባንኮኒው ሆኖ ሳደርገው ያየኛል። አንድም ቀን ተዘግቶ አግኝቼው አላውቅም። ነገም አየዋለሁ።